ባዶውን አስረክቡኝ ያልኩት ቤት

እስቲ ስሙኝ። ሥራ የያዛችሁ ሥራችሁን ቁጭ አድርጉና ይሄን ስሙኝ። ስጨርስ ትሰድቡኛላችሁ፤ ችግር የለም፣ ለምጄዋለሁ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነው። ሁለት ክረምት አልፎታል። እስካሁን ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሌላ ሰው በድሎኝ ቢሆን ደግ ነበር። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፣ ያውም ብልጥ ነኝ ብዬ። ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ እሱን እየነገርኳችሁ እንደርስበታለን።

ባጃጅ ነጂ ነኝ። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ። አቋረጥኩ ልበል እንጂ እሱም አጥብቆ አልያዘኝም ነበር። ማንበብ እችላለሁ፤ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲሆን ግን እንደ ዳገት ነው የሚያደክመኝ። ቢሮ ገብቼ ፎርም ሙላ ሲሉኝ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ስመኝ ትባላለች። እናቷ ቡሬ ሌላ ሰው አግብታለች። አልፈርድባትም፤ ከእኔ ጋር መኖር ቀላል አይደለም፣ አፌ አያርፍም። ስመኝን ያሳደገቻት እናቴ ናት፣ ከጅጋ ገባ ብሎ ያለው ገጠር። እዚያ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ወንዝ መሻገር ነው፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፣ በጋ ሲሆን አስተማሪው ይጠፋል። ልጅቱ ክፍል ምን እንደሚመስል ሳታይ ሰባት ዓመት ሞላት።

እኔ ደግሞ ምዬ ነበር። ይቺ ልጅ እንደ እኔ መነጽር ረሳሁ እያለች አትኖርም ብዬ።

ስለዚህ ቤት ልግዛ ብዬ ስነሳ እንደ ሌላው ሰው ውሃው በስንት ቀን ይመጣል፣ ለአስፋልት ይቀርባል ወይ አላልኩም። ትምህርት ቤቱ ነው ያልኩት። የግል ትምህርት ቤት ለእኔ ቢጤ አይደለም። የመንግሥት ነው። የመንግሥቱ ደግሞ የሚመዘግበው የቀበሌ መታወቂያህን አይቶ ነው። የት ትኖራለህ ማለት ልጅህ የት ትማራለች ማለት ነው።

የትኛው ይሻላል ብዬ ሰው ብጠይቅ ሁሉም የሰፈሩን ያሞግሳል። አባቴ በሬ ሲገዛ እንዴት እንደሚያደርግ አስታውሳለሁ። ገበያ መሀል ታጥቦ፣ በልቶ ጠጥቶ የቆመውን በሬ አያይም። ጠዋት መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ወደ ገበያ ሲመጣ አረማመዱን ነው የሚያየው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ።

ሰኔ ውስጥ፣ ተማሪ ሲለቀቅ ባጃጄን ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ አድርጌ አቆማለሁ። ከሳሙና ካርቶን የቀደድኩት ቁራጭ በእጄ ይዣለሁ። ይሄን ያነበበ ቤቱ ድረስ በነጻ እላለሁ። ልጅ ይወረኛል። ከገበያው በታች ያለው ትምህርት ቤት ጋ አራተኛ ክፍል የደረሰ ጎረምሳ የካርቶኑን መልክ አይቶ «ሳሙና» አለኝ። የተጻፈው «ከፀሐይ ይከላከሉ» ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጋ አንዲት ልጅ አንብባ ለሌሎቹ በጆሯቸው ስትነግር ያዝኳት፤ ያን ቀን ሰባት ሰው አነበብኩ ብሎ ባጃጄ ላይ ተቆለለ።

ሦስተኛው ሰፈር ስደርስ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጭብጥ የምታህል የአንደኛ ክፍል ልጅ ካርቶኑን ከእጄ ነጥቃ ጣቷን እያስኬደች አነበበችው። ሌላ አወጣሁ፣ አነበበች። በማግስቱ የመድኃኒት ማሸጊያ ይዤ መጣሁ። ያንንም አነበቡት፤ እሷ ብቻ ሳትሆን አብረዋት ያሉትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ያን ሰፈር በነጻ ሳመላልስ ሰነበትኩ። ነዳጄ አለቀ፣ ልቤ ሞላ። በቃ፣ ይሄ ነው ትምህርት ቤት አልኩ።

ቤቱም ተገኘ። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሴትዮ ባህር ዳር ልጃቸው ጋ ሊጠቃለሉ ነው የሚሸጡት። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ደህና፣ ግቢው ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ከጓሮ አንዲት ሰርቪስ። የትምህርት ቤቱ ደወል ግቢው ድረስ ይሰማል። በባጃጅ ያጠራቀምኩትም አባቴ የተወልኝ ባህር ዛፍም ተሟጦ እዚያ ገባ።

ልንፈራረም ስንል እትዬ ዘውዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከጓሮዋ ሰርቪስ አንድ ሰው እንዳሉ፣ ብዙ ቦታ እንደማይዙ፣ ቢቆዩ ለግቢውም ደግ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ተከራይ ሆኜ ከስንት ቤት እንደተባረርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ሁሉ ግን ባለቤት ልሆን ስል ከጭንቅላቴ በነነ። ነቄ ነኛ። ዛሬ አንድ ሰው፣ ነገ ወንድሙ፣ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት።

«ባዶውን ካላስረከቡኝ አልፈርምም» አልኳቸው።

እትዬ ዘውዴ የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉ ቆዩ።

«እንግዲህ አንተም የልጅ አባት ነህ፤ ታውቃለህ» አሉና ፈረሙ።

እኔ ያሞገሱኝ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው በሚወጡ ቀን ባጃጅ ይዤ የመጣሁት እኔው ነኝ። ቶሎ እንዲለቁ ብዬ ነው፣ ለደግነት አይደለም። ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመዋል፣ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። ዕቃቸውን ጭኜ ስጨርስ ባጃጇ ግማሿ እንኳ አልሞላም። አጎዛ፣ አንድ ጆንያ፣ በጨርቅ የታሰሩ መጻሕፍት፣ መቋሚያ። የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆናቸውን አየሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ከኋላ ሆነው ልጅ አለህ ወይ አሉኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ አልኳቸው። ፊደል ለይታ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ኧረ የለም አባቴ፤ ለሱ ብዬ አይደል ቤቱን የገዛሁት። የዚህ ሰፈር ልጆች እሳት ናቸው። እኔ ራሴ ፈትኛቸዋለሁ። ይሄ ትምህርት ቤት ሌላ ነው» አልኳቸው።

በመስታወቱ አየኋቸው። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ጎበዞች ናቸው» አሉ ቆይተው። «እውነትህን ነው፣ ጎበዞች ናቸው።»

ይቺን ብቻ። መናኸሪያ ስንደርስ ሊከፍሉኝ ኪሳቸውን ሲዳስሱ ይተዉት አልኳቸው። ቤቱን የልጅ ቤት ያድርግልህ ብለው መረቁኝና ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ።

ስመኝን ከገጠር አምጥቼ ገባን። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ሕጻናት ቆመዋል፣ ካርቶን ካነበቡልኝ ልጆች ሁሉ የሚያንሱ። ዓይናቸው እኔን አልፎ ወደ ጓሮ ያያል። ዓይናቸውን ተከትዬ ሳይ የኮኩ ዛፍ አለ፤ ላዩ ላይ ጥቂት ፍሬ ቀርቷል። ገባኝ አልኩ። ኮክ የለም፣ ግቢው አሁን ባለቤት አለው አልኳቸውና በሩን ዘጋሁ። በማግስቱ ግማሾቹ ተመልሰው መጡ። ውሃ ረጨሁባቸው። በሦስተኛው ቀን ማንም አልመጣም።

ውዴ የምትባል አትክልት ቸርቻሪ ጎረቤት አለችኝ። በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ልጆቹ ምን አደረጉህ አለችኝ። የሰው ግቢ ገብቶ መልቀም ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። አንገቷን መልሳ አስገባች። ከዚያ ወዲያ እንደምን አደርክ ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችልኝም።

ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ሆነ። ሰላምታ አለ፣ ሰው የለም። እድር ልመዘገብ ስሄድ አንድ ሽማግሌ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ግቢው ጸጥ አለልህ» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። መስከረም ላይ ደመራው አጠገብ ስቆም በግራም በቀኝም ክፍት ቦታ ተረፈኝ። አዲስ ገቢ ስለሆንኩ ነው፣ ይለምዱኛል አልኩ። ስመኝ ልትጫወት ትወጣና ቶሎ ትመለሳለች። ምነው ስላት «የዚያ ሰውዬ ልጅ ነሽ ይሉኛል» አለችኝ። የቱ ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ የባጃጅ ነጂ ልጅ ብለው ንቀዋት መስሎኝ ሰፈሩን በሆዴ ስረግም ዋልኩ።

ትምህርት ቤት አስገባኋት። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ዘጠና ልጅ፣ አንድ ወንበር ላይ አምስት። ምን ቸገረኝ፣ ያ ሁሉ ልጅ ሲያነብ በዓይኔ አይቻለሁ። ስትመለስ መጽሐፏን ዘርግታ ታነብልኛለች። ላሚቱ ሣር በላች። ላሚቱ ውሃ ጠጣች። ጣቷን እያስኬደች፣ ያለ ስህተት። እኔም ምሳዬን እየጎረስኩ ቤቱን አመሰግናለሁ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን በረንዳው ላይ እያነበበችልኝ ነፋስ መጣና ገጹን ገለበጠው። አዲሱ ገጽ ላይ የተሳለው አውራ ዶሮ ነው። ስመኝ ጣቷን አላቆመችም። አውራ ዶሮው ሥር ጣቷን እየጎተተች ላሚቱ ውሃ ጠጣች ትላለች።

መጽሐፉን ዘጋሁት። አቧራው ላይ በጣቴ አንድ ፊደል ጻፍኩና ይሄ ምንድን ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ሰሌዳ ፊት አቁመውኝ ሲስቁብኝ የነበረው የእኔው ዓይን ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ጋውኗ በጠመኔ ነጥቷል። አፌ እንደመጣለት ለቀቅኩባት። ዓመቱን ሙሉ ምን ስታደርጊ ከረምሽ፣ ልጄን ዘፈን ነው ወይ ያስተማርሽልኝ፣ ለዚህ ብዬ ነው ወይ ያለኝን አራግፌ ቤት የገዛሁት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ? እኛ እዚህ ፊደል አስተምረን አናውቅም። ልጆቹ ለይተው ነበር የሚመጡልን። እዚሁ ሰፈር አንድ የኔታ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ግቢያቸው ይሰበስቧቸዋል፤ እኛ ጋ ሊገቡ የደረሱትን ደግሞ ከፍልሰታ በኋላ ለብቻ ይዘው አንዱም ሳይለይ አይለቁም ነበር። እኛ ከዚያ ነው የምንቀጥለው። ሞዴል ትምህርት ቤት ተብለን ዋንጫ ተሰጥቶናል፤ የኔታን ግን የጠራቸው የለም። ያለ እሳቸው የመጣልን ክፍል ይሄ የመጀመሪያው ነው። ዘጠና ልጅ ይዤ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል።»

የት ሄዱ አልኳት። አፌ ጠየቀ እንጂ ሆዴ አውቆታል።

«ቤቱን የገዛ አንድ ሰውዬ አስወጣቸው አሉ። ባጃጅ ነጂ ነው መሰለኝ። ደንቆሮ ነው አሉ፤ ልጆቹ ሲመጡ ውሃ ይረጭባቸዋል።»

እጄ ላይ የነበረውን የባጃጅ ቁልፍ ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሰው፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሁሉም ነገር መንገድ ላይ ተገጣጠመልኝ። ቤቱን ላይ የምሄደው ሁሌ ከሰዓት ነበር፤ ልጆቹ የሚሰበሰቡት ጠዋት ነው። የተፈራረምነው በፍልሰታ ጾም ነው፤ የኔታ ልጆቹን የሚለቁበት ሰሞን። ልጆቹ ጾሙ ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ እኔ ኮክ ሊሰርቁኝ ነው ብዬ አባረርኳቸው። ቤት የገዛሁት ለዚያ ትምህርት ነው፤ ትምህርቱን በገዛ ባጃጄ ጭኜ መናኸሪያ አደረስኩት። ከሁሉ የሚብሰኝ ከኋላዬ ተቀምጠው ጎበዞች ናቸው ማለታቸው ነው።

ለእትዬ ዘውዴ ደወልኩ። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩባቸው። አንድ ሰው አሉ ብዬህ ነበር፣ ማን ናቸው ብለህ ብትጠይቀኝ መች እደብቅህ ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኔታ ከዱርቤቴ ገባ ብሎ፣ የእህታቸው ልጅ ዘንድ እንዳሉም ነገሩኝ።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ ስመኝን ይዤ ሄድኩ። ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፈን ዱርቤቴ ወረድን። የገበያ ቀን ነበር፤ ከሸማቾቹ ጋር በእግር ገባን። የኔታ ዋንዛ ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሃያ የሚሆን ልጅ ከቧቸው ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። ያ ሁሉ እየጮኸ አንዱ ሲሳሳት ይሰማሉ።

አወቁኝ። «የቤቱ ጌታ» አሉ። «ይቺ ናት ልጅህ?»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አላወቅኩም፣ ይመለሱ፣ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ለእርስዎ ለቅቄ እኔ ሰርቪሷ ውስጥ እገባለሁ አልኳቸው። ያን ቀን ባጃጁ ላይ ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ምን ብዬ ልንገርህ፣ ደስ ብሎህ ነበር አሉኝ። ለመመለሱ ግን በመቋሚያቸው ጫፍ ልጆቹን ዞር አድርገው አሳዩኝ።

«አንተ ባዶውን ብለህ ተረከብክ፤ ቤትህ ነው፣ መብትህ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ልጅ ትቼ ቦታውን ባዶውን ለማን ላስረክብ?»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የእህታቸው ልጅ እንደ ስመኝ ያሉ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ልጅቱን ተዋት፣ አንድ ጉሮሮ አያጎድለንም አለችኝ። የኔታም ተዋት አሉ። እኔም ተውኳት። ለክረምቱ ብቻ ብዬ።

ስመኝ ፊደሉን ሁለት ወር ሳይሞላት ለየች። አሁን መልእክተ ዮሐንስ ላይ ናት፤ አማርኛውንማ እኔ የማልደፍረውን ታነባለች። መንገድ ሲከፈት ቂጣና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲዘጋ ቁጭ እላለሁ። ኔትወርክ ካለ ድምጿን እሰማለሁ። መስከረም ላይ ልወስድሽ መጣሁ ስላት አቀርቅራ ሳር ስትነጭ ቆየችና «እዚያ ማን አለ?» አለችኝ።

እኔ አለሁ ልላት ነበር። አላልኳትም።

አሁን ብቻዬን ነው የምኖረው። ለልጅ ብዬ በገዛሁት ቤት ልጅ የለም። ምሳ ልቀምስ ስገባ ደወሉ ይደወላል፣ የልጆቹ ጫጫታ በአጥሩ ላይ አልፎ ይመጣል፣ ከእኔ በር ግን የሚገባ የለም። ሰርቪሷን ለሰንኳት፣ ቀለም ቀባኋት፤ ያው ባዶዋን ናት። አንድ ዲያቆን ልጆቹን እንዲያስተምር ለመንኩ፤ ሁለት ቀን መጥቶ ቀረ። ውዴን ይቅርታ ጠየቅኳት። እግዜር ይቅር ይበልህ አለችና ቲማቲሟን መደርደር ቀጠለች። የእሷም ልጅ አንደኛ ክፍል ጨርሶ ሁለተኛ ገብቷል፤ ስሙን ጻፍ ሲሉት ይደበቃል።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የማስተምረው ልጅ ባይኖረኝም ሄድኩ። ከላይ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ሰዎች ዋንጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ስለ ጥራት አወሩ፣ ስለ ሞዴል አወሩ፣ ለስላሳ ጠጡ። እጄን አወጣሁ። ሰዓት አልቋል አሉኝ። ለዚህ ነው ዛሬ እየታገልኩ የጻፍኩት።

እኔ ጥፋቴን አውቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ከጓሮዬ አስወጥቻለሁ፣ ቅጣቴንም በየቀኑ ምሳ ሰዓት እየበላሁት ነው። እናንተ ግን፣ ዋንጫውን የሰጣችሁም የተቀበላችሁም፣ እግራቸውን የሚጎትቱ አንድ ሰው ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሰሌዳ፣ በሰው ጓሮ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ያን ሁሉ ዓመት የእናንተን ሥራ ሲሠሩላችሁ፣ እናንተ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ምን ስትሠሩ ነበር?